«የጉበት ቫይረስን ነቅሎ ያወጣል» የሚባለውን ጠርሙስ አትግዙ

ደሴና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ቤታችሁ የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ካለ ይሄን አንብቡልኝ።

ታላቅ ወንድሜ ሄፓታይተስ ቢ አለበት። ቴኖፎቪር የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ እየዋጠ ደህና ነበር፣ ሥራውንም ይሠራል። ሚያዝያ ላይ ሰኞ ገበያ ወጥቶ አንድ ሻጭ ያዘው። «ከሰባት ዕፅ የተጨመቀ ነው፣ በላብራቶሪ ተረጋግጧል፣ በ40 ቀን ትድናለህ» ብሎ ሦስት ጠርሙስ ሸጠለት፣ አንዱን በ3500 ብር። ብሩስ ይቅር። «ከሆስፒታሉ ኪኒን ጋር አይስማማም፣ እሱን ተወው» ማለቱ ነው ያንገበገበኝ። ወንድሜም ተወው።

ሰኔ ላይ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪሟ እንዳስረዳችን ኪኒኑ ቫይረሱን አፍኖ ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ስለዚህ በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይነሳና ጉበቱን ይጎዳዋል፣ ሰው ሊሞትበትም ይችላል። ተመስገን፣ ቶሎ ደርሰንለታል።

የአገራችንን ዕፅ መናቄ አይደለም። ምች ሲመታኝ እማዬ ዳማከሴ አሽታ ነው ያሳደገችኝ። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒንም ከተክል የተገኘ ነው፣ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል የተሸለመችው በዚሁ ነው። ግን እሱ ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተሞክሮ ነው መድኃኒት የሆነው። «በላብራቶሪ ተረጋግጧል» ሲሏችሁ የት፣ በምን ላይ ብላችሁ ጠይቁ። ብልቃጥ ውስጥ ቫይረስ የሚገታ ቅጠል ብዙ ነው። ያንኑ መጠን ደም ውስጥ ለማድረስ ግን ሰውየውን የሚመርዝ ያህል መጠጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

«እከሌ ጠጥቶ ድኗል» የሚለው ወሬ ነው ብዙ ሰው የሚያታልለው። አዋቂ ሰው ሄፓታይተስ ቢ አዲስ ሲይዘው ከ100 ሰው 95 ያህሉ ያለ መድኃኒት በራሱ ይድናል። በዚያ ሰሞን ጠርሙሱን የጠጣ ሰው ምስጋናውን ለጠርሙሱ ይሰጣል። ሥር የሰደደበት ሰው፣ እንደ ወንድሜ ያለው፣ ከዚህ አይቆጠርም።

ሻጩን ብራችንን መልስልን ስንለው ስልኩን ዘጋብን። አሁን ኮምቦልቻ እየሸጠ ነው አሉ። ቡናማ ጠርሙስ ነው፣ ክዳኑ አረንጓዴ፣ የምዝገባ ቁጥርም የአምራች አድራሻም የለበትም። ካያችሁት አትግዙ፣ ኪኒን ላይ ያለ ዘመድ ካላችሁም ዛሬውኑ ደውሉና እንዳያቋርጥ ንገሩት።