በቆየ የጭቃ ቤት ውስጥ «የማይታይ ኩሽና» በጥቅል ዋጋ ሊሠሩላችሁ ከሚመጡ ተጠንቀቁ

በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ የቆዩ ቤቶችን ለማሳደስ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ጀርባ «የማይታይ ኩሽና» በጥቅል ዋጋ ሠርተን እናስረክባለን የሚል ውል ሲቀርብላችሁ ሳትመረምሩ እንዳትፈርሙ አደራ እላለሁ። ይህን የምጽፈው አክስቴ ከወላጆቻቸው በወረሱት ቤት ላይ የደረሰውን ጉዳት በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ውሉ የሥራ ዝርዝርም ሆነ የቁሳቁስ ዓይነት ያልሰፈረበት አንድ ገጽ ወረቀት ሲሆን፣ ከዋጋው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በቅድሚያ ተከፍሏል። ሠራተኞቹ የውኃ ቧንቧ ለማሳለፍ ሲሉ ጣሪያውን ከተሸከሙት ቋሚዎች ሁለቱን ከጉልበት ከፍታ ላይ ቆርጠው፣ የተቆረጠውን በሲሚንቶ ልስን ከደኑት፤ ከላዩም ሴራሚክ ለጠፉበት። በሁለተኛው ክረምት ከሴራሚኩ በላይ ያለው ልስን አብጦ ተነሣ። ሲፋቅ ከሥሩ ያለው ጭቃ ጣት የሚያስገባ ሆኖ፣ እንጨቱም በስብሶ ተገኘ። ተቋራጩ ግን በውሉ ላይ ዋስትና አልተጻፈም በማለት ለመጠገን ፈቃደኛ አልሆነም።

ጭድ ተቀላቅሎበት የተመረገ ግድግዳ እርጥበት ቢስብም መልሶ ያስወጣዋል፤ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የሚስማማው የጭቃ ምርጊት ወይም የኖራ ልስን ነው። ኩሽና ከቤቱ ሁሉ ውኃና እንፋሎት የሚበዛበት በመሆኑ፣ መስኮትና ጭስ ማውጫ የሌለው ስውር ክፍል ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ የቀደሙት ሰዎች ማድቤቱን ከዋናው ቤት ነጥለው በጓሮ መሥራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የኤሌክትሪኩም ነገር የሚናቅ አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ ከአሮጌው የመብራት መስመር ላይ ከተቀጠለ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ማንም ሳያየው ይግላል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው፤ «ከውጭ ስለማይታይ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚላችሁን አትመኑ።

ስለዚህ የልስኑ ዓይነት፣ ቋሚ እንደማይቆረጥ፣ ለምጣዱም ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር እንደሚሳብ በውሉ ላይ ይጻፍ። ክፍያው ሥራው በተጠናቀቀ መጠን ይሁን፤ በተለይ ቧንቧውና ሽቦው ከመሸፈናቸው በፊት የምታምኑት መሐንዲስ አይቶ ፎቶግራፍ ሳያነሣ ቀጣዩን ክፍያ አትልቀቁ።