አሮጌ የእንፋሎት መጫወቻዎቼን የጠገነልኝ የባሕር ዳር ቶርኖ ቤት

በእንፋሎት የሚሠሩ አሮጌ መጫወቻዎችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም፣ ከሞተሩ ይልቅ ልቤን የሚስቡት ሞተሩ የሚያሠራቸው የትንሽ ወርክሾፕ ዕቃዎች ናቸው፤ የስለት መሳያ ድንጋዩ፣ መወልወያው፣ መዶሻውና ብረት መጫኛው ፕሬስ። በልጅነቴ ዳንግላ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ቺንጋው ከሞተሩ ተነሥቶ ያን ትልቅ ድንጋይ ሲያዞር እያየሁ እህሉን እረሳው ነበር። ያንኑ አሠራር በመዳፍ ልክ ሳገኘው ደስታዬ እስካሁን አልቀነሰም።

የእኔዎቹ ጄፍሪ ማሊንስ በ1937 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ያቋቋመው የማሞድ መጫወቻ ኩባንያ ሥራዎች ናቸው። ሞተሩ አንድ ረጅም ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉ ደግሞ በየቺንጋው አራቱንም ዕቃ ያንቀሳቅሳል። ሞተሩ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ከአራቱ አንዱ እንኳ በዝገት ቢከብድ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ የጥገናው ዋና ጉዳይ ማሳመር ሳይሆን እያንዳንዱ ዘንግ በጣት ሲነካ ያለ ድካም እንዲዞር ማድረግ ነው።

ዕቃዎቹን የወሰድኳቸው የወፍጮና የባጃጅ ክፍሎችን ወደሚሠራ አንድ ቶርኖ ቤት ነው። ባለሙያው የመሳያ ድንጋዩን ዘንግ በመስታወት ላይ አስቀምጦ በሁለት ጣቱ አንከባለለውና ከሥሩ የሚያልፈውን ብርሃን ጎንበስ ብሎ አየ፤ መሐሉ ላይ እንደጎበጠ በዚያው አወቀ። ከዚያም ከተጣለ ፕሪንተር የወጣ ለስላሳ ዘንግ ቀንሶ አዲስ ሠራልኝ። ከአሮጌው እኩል መሆኑን በካሊብሮ ለክቶ አሳየኝ፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለመጫወቻ ይደረጋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

የጎደለው ብሎን ግን አስቸገረን። «ጋሼ፣ ቀዳዳውን ትንሽ ላስፋውና ባለ 4 ሚሊ ብሎን ላስገባበት?» አለኝ፤ አይሆንም አልኩት። የድሮ የእንግሊዝ ትንንሽ ብሎኖች ቢኤ በሚባለው ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። 4 ቢኤ የሚባለው ውፍረቱ 3.6 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 0.66 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የገበያው ባለ 4 ሚሊ ብሎን የጥርስ ርቀት 0.7 ነው። በግድ ከገባ የዋናውን ዕቃ ጥርስ ይበላል፤ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም። ባለሙያው ነገሩን ሲረዳ ከቀሩት ብሎኖች አንዱን ናሙና አድርጎ ከነሐስ ቀረጸልኝ፤ ሁለቱ ተበላሽተውበት ሦስተኛው ልክ ገባ።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ከባድ ግን ነው። እኔ በሌለሁበት ረዳቱ የመዶሻውን መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ የቆየውን ቀይ ቀለም እስከ ብረቱ አነሣው። አዲስ ቀለም ቢቀባም የዘመኑ ቀለም አይሆንም፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ደግሞ ያንኑ የቆየውን ነው። ባለቤቱ ይቅርታ ጠይቆ ከዋጋው ቀነሰልኝ። ከዚህ በላይ ግን በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፣ በደረቁ ሲፈተግ የሚነሣው አቧራ ለሠራተኛውም ለልጆችም ጎጂ ነው። ሥራ የሚሰጥ ሰው ቀለም እንዳይነካ በጽሑፍ አስፍሮ ከዕቃው ጋር ይሰረው፤ እድፉን ራሱ እቤቱ በለዘብተኛ ሳሙናና በጥጥ ያንሣው። ቀጠሮም አንድ ሳምንት ተብሎ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል፤ የወፍጮ ሥራ ሲመጣ መጫወቻው ወደ ኋላ መባሉን ግን አልነቅፍም።

ዘንግና ቀዳዳ ላለበት ሥራ ይህን ቤት ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለቀለም ግን አልሰጥም። ዕቃዎቹን ዳንግላ አምጥቼ፣ በየዘንጉ አንዳንድ ጠብታ ዘይት አድርጌ፣ በተገመደ የጥጥ ክር ላላ አድርጌ አያያዝኳቸው፤ ክሩ ከተወጠረ ሞተሩ አይችልምና። ውኃው ፈልቶ መንኮራኩሩን በጣቴ ስገፋው መጀመሪያ የመሳያ ድንጋዩ ዞረ፤ ቀጥሎ መዶሻው ተነሥቶ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱ እስኪጠፋ ድረስ አላቆመም።