ከዚራ ያለው ጁስ ቤት፦ ግማሽ ስፕሪስ በ70 ብር ያዋጣል?

ድሬ ውስጥ ጁስ ቤት ሞልቷል። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ስላለው ስለዚህኛው የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው፤ ግማሽ ይሸጣል። ግማሽ ስፕሪስ፣ ግማሽ ማንጎ፣ የፈለጋችሁትን ግማሽ። ሌላ ቦታ "ግማሽ አድርግልኝ" ስትሉ አስተናጋጁ ያልሰማ ይመስል ፊቱን ያዞራል።

ዋጋው እንዲህ ነው። የትኛውም ጁስ ሙሉው 120 ብር፣ ግማሹ 70። የምስር ሳምቡሳ 20። ውሃ በጆግ ይመጣል፣ አይከፈልበትም። ይሄ ባለፈው ሳምንት ነው፤ ጨምሮ ብታገኙት እኔን እንዳትወቅሱ።

መጀመሪያ ስለ ጁሱ። ወፍራም ነው፣ በማንኪያ ነው የሚበላው። ከታች አቮካዶ፣ መሀል ፓፓያ፣ ከላይ ማንጎ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ቪምቶ ጠብ ይደረግበትና ግማሽ ሎሚ አጠገቡ ይቀመጣል። ስኳር ካላላችሁ አይጨምሩም፤ ለዚህ ብቻ ምርቃት ይገባቸዋል። ማንጎ ሲጠፋ በዘይቱን ይተኩታል። እሱን ግን በደንብ አያጠሉትም። ፍሬው ጥርሴ ውስጥ ገብቶ እስከ ማታ ስታገል የዋልኩበት ቀን አለ።

አሁን ወደ ሱሴ ልግባ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ታይዋን ገበያ ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ፣ ትምህርቱ የሚያገለግለኝ እዚህ ቤት ስቀመጥ ብቻ ነው። አስተማሪያችን ኢንዲፈረንስ ከርቭ (እኩል የሚያስደስቱንን የሁለት ዕቃ ቅልቅሎች የሚያገናኘው መስመር) ለምን ወደ ግራፉ መነሻ እንደሚጎብጥ ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ሰሌዳ ላይ ለፉ። አንድ ስፕሪስ ቢያዙልን በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ሙሉ አቮካዶም ሙሉ ፓፓያም እኩል ደስ የሚለው ሰው፣ ሁለቱ ተደራርበው ሲመጡለት ከሁለቱም ይልቅ እሱን ይወዳል። አለቀ። ጓደኛዬ ግን ቅልቅል አይወድም፤ ወይ ይሄን ወይ ያን ይላል። የእሱ ምርጫ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ነው። "ለጤና ዘይቱን ነው የምወደው" ይላችኋል ደግሞ፣ ዘይቱን እያለ ግን ሁልጊዜ ማንጎ ከነቪምቶው ያዛል። ሁሉም ጁስ ዋጋው እኩል ስለሆነ ብር አነሰኝ የሚል ሰበብ እንኳ የለውም። ሳሙኤልሰን የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር በ1938 ያለውም ይሄንኑ ነው፤ የሰውን ፍላጎት ከአፉ ሳይሆን ከገዛው ዕቃ እወቅ።

ወደ ግማሹ እንመለስ። ብዙ ጊዜ እዚያ ቤት የምፈቅደው 200 ብር ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ጥላ ፈልገው በተኙበት፣ ሙሉ ስፕሪስና አራት ሳምቡሳ እወስዳለሁ፤ 200 ሙልጭ። ማታ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ግማሽና አራት ሳምቡሳ፣ 150፣ ቀሪው 50 ለባጃጅ። ኪሴም ዋጋውም ያው ነው፣ የተለወጠው ጥማቴ ነው።

ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ግማሽ የሚያስከፍለው 60 ሳይሆን 50 ብር ነው። 120 ሲቀነስ 70። ስለዚህ ጥያቄው "ስፕሪስ እወዳለሁ ወይ" አይደለም። እወዳለሁ። ጥያቄው ያ 50 ብር ብርጭቆው ውስጥ ነው ወይስ ሳቢያን ድረስ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ በመሄድ የበለጠ የሚያስደስተኝ ነው። ጎሰን የሚባል ጀርመናዊ በ1854 የጻፈው ይህንን ነው፤ የመጨረሻዋ ብር በየትኛውም ዕቃ ላይ እኩል እርካታ እስክትሰጥ ድረስ ገንዘብህን አከፋፍል። መልካም። ግን ሙሉ ብቻ በሚሸጥበት ቤት እንዴት አድርጌ ላከፋፍል? ወይ ዜሮ ወይ 120፤ መሀል ላይ መቆሚያ የለም። ለዚህ ነው ግማሹን ከልኩ 10 ብር አስወድደው ቢሸጡትም ቅር የማይለኝ።

ብልጥ ነኝ ብዬ አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር አንድ ሙሉ አዘዝንና ባዶ ብርጭቆ ጠየቅን። ለእያንዳንዳችን 60 ደረሰን ብለን ስንደሰት ሂሳቡ መጣ፤ "ብርጭቆ 20"። ደምሩት፣ 140። ሁለት ግማሽ ብናዝ ከምንከፍለው አንዲት ሳንቲም አይጎድልም። አቦ፣ ካሸሩ ከኛ ቀድሞ ተምሯል።

አሁን ወቀሳ። ፋሚሊ የሚሉት ትሪ አለ፤ አራት ሙሉ ጁስና አስር ሳምቡሳ በ600። ለየብቻ 680 ነው። እህቴንና ሁለት ልጆቿን ይዤ ሄድኩና ገዛሁት። ልጆቹ ግማሽ ግማሽ ጠጥተው ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ያሽከረክሩ ጀመር። በግድ አስጠጣሁት፣ ትንሹ መንገድ ላይ መለሰው። 80 ብር አተረፍን ብለን የ120 ብር ጁስ ደፋን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትሪ እናንተ የማትፈልጉትን ከምትፈልጉት ጋር ጠፍሮ ነው የሚሸጠው፣ ካልተራባችሁ አትንኩት።

ሁለተኛው ወቀሳ ልኬቱ ነው። ግማሹ የሚቀዳው በዓይን ነው። ጠዋት የሚሠራው ልጅ እጁ ሰፊ ነው፣ የማታው ግን ግማሽ ሲል ሲሶ ነው። ለሽማግሌው ባለቤት "አባባ፣ ብርጭቆው ላይ በቀለም መስመር አስምሩበት" አልኳቸው። ብርጭቆዬን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙና አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ግማሽ አዘህ በዓይንህ ሙሉ ነው የምትለካው" አሉኝ። ከዚያ ግን ለልጁ ጨምርለት ብለው ምልክት ሰጡት።