የድሬን ሙቀት ያልቻለው ግማሽ ኳስ፤ ከስምንት ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ የተገዛው የሚዛን መለማመጃ ግማሽ ኳስ ሰኔ ላይ ስምንት ወር ሞላው። ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ ጉብ ብሎ የሚነፋ፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ነው። ከ10 እስከ 15 ዓመት ያሉ የቴኳንዶ ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን ቆመውበታል። ጎማው አልተሰነጠቀም፣ ጠፍጣፋው አልጎበጠም። ጣጣው ያለው አየሩ ላይ ነው።

«አቦ፣ አንዴ ንፋው፣ ከዚያ በቃ!» ይላል ሻጭ። ድሬዳዋ ላይ ግን በቃ ብሎ ነገር የለም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በልኩ የተነፋው ኳስ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይገኛል። አየር ከ22 ወደ 37 ዲግሪ ሲሞቅ 5 በመቶ ያህል መስፋት ይፈልጋል። ለባጃጅ ጎማ ይህ ከቁጥር አይገባም። የዚህ ኳስ የውስጥ ግፊት ግን ከውጭው አየር የሚበልጠው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ያቺው 5 በመቶ ጠባዩን ትለውጠዋለች። ጠዋት የልጁ እግር ሰመጥ ይልበታል፤ ከሰዓት ድንጋይ ሆኖ ወደ ጎን ይገፋዋል። 70 ኪሎ አዋቂ ልዩነቱ ላይሰማው ይችላል፣ 35 ኪሎ ልጅ ግን ኳሱን የሚጫንበት ክብደት የለውም። ሻጭ ይህን አይነግርም፤ እሱ ራሱ ቆሞ ነው የሚያሳየው።

መፍትሔው በጣት እየተጫኑ መገመት ሳይሆን መለካት ነው። ኳሱን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ፣ ልምምዱ በሚጀመርበት ሰዓት ከወለሉ እስከ ጉብታው ጫፍ በሜትር መለካት። ለትንንሾቹ 18፣ ከ50 ኪሎ በላይ ለሆኑት 21 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አዲስ ኳስ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት አጉድሎ መንፋት፣ ጎማው ስለሚለጠጥ በማግስቱ መጨመር። በእጅ ፓምፕ ብቻ! ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ጠርዙ ላይ ያለውን ማጣበቂያ መፈተን ነው። ቢበሳም የከማነዳሪ ማስቲሽ ጎማው ፕላስቲክ ከሆነ አይዝለትም፤ ለፕላስቲክ የሚሆን ማጣበቂያ መፈለግ ግድ ነው።

ሐረር ለውድድር ይዞ የሚወጣ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ያስተንፍሰው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የደንገጎን ዳገት ሲያልፍ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ኳሱ መኪና ውስጥ እንደተወጠረ ይደርሳል። የሐረር ብርድ ትንሽ ያረግበዋል እንጂ አያካክሰውም።

ቡሹ ሌላው ራስ ምታት ነው። በሙቀት ሲወጠር ልጅ እላዩ ላይ ቆሞ ሳለ ሊፈናጠር ይችላል። በቢላ ከተነቀለ ከንፈሩ ይቀደድና ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያድራል። ጨርቅ በተጠቀለለ የማንኪያ እጀታ ቀስ አድርጎ ማንሳት፤ ሲመለስ በውሃ ማርጠብ፣ ዘይት ግን በፍጹም። ቀዳዳው ዙሪያ አሸዋ ካለ አስቀድሞ መጥረግ።

«ለርግጫ ጉልበት ይሰጣል» የሚለው የሻጭ ወሬ ደግሞ ስህተት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ የቆመ ሰው ጡንቻው ራሱን ለማረጋጋት ስለሚጠመድ የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል። ጉልበት የሚገነባው ወለል ላይ ነው፤ ስኳትም (ቁጭ ብድግ) ዝላይም እዚያው ይሠራ። ብረት ተሸክሞ ኳሱ ላይ መውጣት ለልጅ የተከለከለ መሆን አለበት።

የሚያዋጣው ለመቋሚያ እግር ነው፤ እዚህ ላይ ስሙን ማጥፋት አልፈልግም። ወለምታ አንዴ የጎበኘው ቁርጭምጭሚት ደጋግሞ ይታጠፋል፤ ወጌሻ ቢያሸውም ሚዛኑን አይመልስለትም። ሚዛኑን የሚመልሰው ልምምድ ነው። መጀመሪያ ልጁ ወለል ላይ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም ይቻል። ከዚያ በባዶ እግር ጉብታው መሃል ላይ ቆሞ፣ ሌላውን ጉልበት ለርግጫ እንደሚያነሳ አንስቶ 20 ሰከንድ፣ በየእግሩ ሦስት ዙር። ሲረጋጋ አፕ ቻጊን፣ ወደ ፊት የሚረገጠውን ርግጫ፣ በአራት ቁጥር ቀስ ብሎ መዘርጋትና መመለስ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከወደቀ ወይም ጣቶቹ ጎማውን ከቧጠጡ ያኔውኑ ይውረድ፤ ደክሟል።

ዶልዮ ቻጊ፣ ዞሮ ከጎን የሚመታው ርግጫ፣ ግን ኳሱ ላይ አይሠራም። ርግጫው መቋሚያው እግር እንዲዞር ይፈልጋል። ጎማው እግሩን ይዞ ያስቀረዋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ መሃል ላይ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። ላብ ካረጠበው ደግሞ በተቃራኒው ያዳልጣል፤ በየልጁ መሃል በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ።

እንደገና እገዛው ነበር? ለድሬ አልገዛም። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ 50 በ50 ተቆርጦ ሸራ ቢለብስ፣ ከላይ ያለውን የቁርጭምጭሚት ልምምድ ሁሉ ያሠራል። ጠዋትም ከሰዓትም ያው ነው፤ ቡሽ የለው፣ ፓምፕ አይፈልግ። ሲሳሳ በአንድ ጎን ስለሚሰምጥ በየወሩ መገልበጥ ብቻ ነው።