የከተማችን የበጀት ሰሌዳና የመረጃ ክፍሉ፦ ተጠቅሜበት ያየሁት

የኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ከከተማ አስተዳደሩ ግቢ ፊት ለፊት ነው። ከተማችን ወሎ ውስጥ ናት፤ ሰው ማሳጣት ስለማልፈልግ ስሟን አልጠራም። ማመልከቻ የሚያባዛ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ያወራል። በስምንት ዓመት ውስጥ በብዛት የሰማሁት ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ግብሩን ከፈልን፤ ገንዘቡ የት ገባ?»

ነሐሴ ላይ ግቢው በር አጠገብ የ2018 በጀት በትልቅ ባነር ተሰቀለ። ውስጥ ደግሞ ጥያቄ የሚቀበል አንድ ባለሙያ ተመደበ። ሁለቱንም ተጠቅሜባቸዋለሁ። ሌላውም ሰው እንዲጠቀምባቸው ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

ከሰሌዳው ልጀምር። ጽሑፉ ትልልቅ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ውሃ እያለ ይወርዳል። በአንድ በኩል መደበኛ፣ በሌላ በኩል ካፒታል። መደበኛው ደመወዝና የቢሮ ወጪ ነው፤ ካፒታሉ ግንባታ። ይሄን ያህል እንኳ በአደባባይ መውጣቱ ደስ ብሎኛል። ግን ፀሐይ በልቶት ጥቅምት ላይ 3ን ከ8 መለየት አቃተኝ።

የቅሬያችን (የሰፈራችን እድር) ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ሰባን የተሻገሩ አባት ናቸው። አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት ቆመው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው መስመር በመስመር በጣታቸው ወረዱ። መጨረሻው ላይ ደርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ የኛ ቦይ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። እኔም ፈልጌ አጣሁት።

ቦዩ የሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ነው። በድንጋይ ተጀምሮ ግማሽ ላይ ቆሟል። ክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ድንጋዩ ያለቀበት ቦታ ሲደርስ ይወጣና የሦስት ሰው ደጃፍ ይዞ ይወርዳል። ባለፈው ነሐሴ የአንዷ ጎረቤቴ ማድቤት ውስጥ ጭቃው ምድጃውን ሸፍኖት አይቻለሁ። ለዚህ ቦይ በየቤቱ 500 ብር አዋጥተናል። አዋጡ ብለው የለመኑንም እኚሁ ዳኛ ናቸው። ስለዚህ ሰው የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።

ተያይዘን ወደ ባለሙያው ገባን። ወጣት ልጅ ነው። ተነስቶ ለዳኛው ወንበር ሰጣቸው። ጥያቄያችንን ሰምቶ ሲጨርስ አንድ አሮጌ ወረቀት ገልብጦ ሁለት ሳጥን ሳለ።

«አባቴ፣ የከተማው ገንዘብ በሁለት ኪስ ነው የሚቀመጠው» አላቸው። በአንደኛው ከክልሉ የሚመጣው ድጎማና እንደ ንግድ ግብር ያለው ገቢ ይገባል። አስተማሪውና ነርሷ የሚከፈላቸው ከዚህ ነው። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው፦ የቦታ ኪራይ፣ የሊዝ ክፍያ፣ የገበያ ቦታ ኪራይ፣ የቄራ አገልግሎት። መንገድ፣ ቦይ፣ የመንገድ መብራትና ጽዳት በዋናነት የሚጠብቁት ይሄን ነው። ሰሌዳው ላይ የወጣው የመጀመሪያው ኪስ ብቻ ነበር!

እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንቱን ሰው «ሂድና ሰሌዳው ላይ እየው» ብዬ ልኬአለሁ።

ቦዩ ለምን እንደቆመም ነገረን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ያን ቀን ሒሳብ ይዘጋል። ተቋራጩ እስከዚያ ለሠራው ተከፈለው። የቀረው ሥራ በአዲሱ ዓመት በጀት እንደገና በምክር ቤት መጽደቅ ነበረበት፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ግን ሳይገባ ቀረ። ማን እንደረሳው አልነገረንም። ቢሆንም መልሱ መልስ ነው። ለዓመት ያህል «በጀት የለም» ብቻ ስንባል ነው የቆየነው፤ በጀት አለመኖርና ሳይጠየቅ መቅረት ደግሞ አንድ አይደሉም።

ያልተመለሰልን የመዋጯችን ነገር ነው። ባለሙያው መዝገብ አገላብጦ አጣው። ገንዘቡ በኮሚቴ ሒሳብ ስለገባ በከተማው በጀት ውስጥ አይታይም አለን። ዳኛው ዝም አሉ። የቅሬያችን ሒሳብ በዓመት አንድ ጊዜ በአባላት ፊት ይነበባል፤ የድንኳን ማጠቢያ ሳሙና የወጣባት ብር ሳትቀር ትጠራለች። ከበሽተኛ ቤት፣ ከልጅ ደብተር የተቀነሰች 500 ብርም ቢያንስ አንድ መስመር ይገባት ነበር። በዚህ ከልቤ አዝኛለሁ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለባለሙያው ከ5 5 እሰጠዋለሁ። በትዕግስት፣ በሰው ቋንቋ ያስረዳል። ለመሄድ ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት ስብሰባ ይበዛበታል። ለሰሌዳው 2 ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ይጨመርበት። ከዕቅዱ አጠገብ በየሩብ ዓመቱ በተግባር የወጣው ይጻፍ። የታሰበውን ብቻ አይቶ ማን ምን ሊጠይቅ ይችላል? የሕዝብ መዋጮም ይካተት። ባነሩ ከደበዘዘ ደግሞ በእኔ ማሽን በነፃ አባዛለሁ፤ ይሄን ለባለሙያውም ነግሬዋለሁ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልንገራችሁ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። እኛም አንድ ገጽ ጻፍን። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፦ የማዘጋጃ ቤቱ የ2017 ገቢና ወጪ፣ እና የቦዩ መዋጮ ያለበት ሒሳብ። ዳኛው ፈረሙ፤ ከሥራቸው አሥራ አራት አባወራና እማወራ ፈረመ። ኅዳር 9 መዝገብ ቤት አስገብተን ቁጥር ተቀብለናል። ኮፒው ሱቄ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ታኅሣሥ 9 ሠላሳው ቀን ይሞላል፤ ዳኛውና እኔ ጠዋት በሦስት ሰዓት ግቢው በር ላይ ለመገናኘት ተቀጣጥረናል።