አመክሮ ወይስ ይቅርታ?

ሁለቱም ታራሚን የቅጣቱ ጊዜ ከማለቁ በፊት ያስፈታሉ፤ በሩ ግን የተለያየ ነው።

አመክሮ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት መታሰር አለበት። 9 ዓመት የተፈረደበት 6ቱን ከጨረሰ ይጠይቃል፤ ከፍርድ በፊት የታሰረበትም ይቆጠራል። ብዙዎች ጊዜው ሲደርስ በራሱ የሚመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም! ጥሩ ጠባይ ብቻውን አይበቃም፤ አቅም እያለ ለተበዳዩ ካሳ አለመክፈል ጥያቄውን ያስወድቃል። ልማደኛ ወንጀለኛም አያገኘውም። የተፈታ ሰው ግዴታውን ከጣሰ ቀሪውን ለመጨረስ ይመለሳል።

ይቅርታ ግን የአስፈጻሚው ውሳኔ ነው። በፌዴራል ደረጃ ጥያቄው በይቅርታ ቦርድ ተመርምሮ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ በክልል ፍርድ ቤት ለተፈረደበት የክልሉ አሠራር ይሠራል። ሁለት ሦስተኛ መጠበቅ የለም፣ ፍርዱ ግን የመጨረሻ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ይግባኝ ላይ ሆኖ ማመልከት ከንቱ ድካም ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 የተዘረዘሩት፣ እንደ ዘር ማጥፋት ያሉ ወንጀሎች አይካተቱም። ይቅርታ ቅጣቱን ቢያስቀርም የጥፋተኝነት መዝገቡን አይሰርዝም፤ ሊሻርም ይችላል። የተቃዋሚ ፖለቲከኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1999 በይቅርታ ተፈትተው በ2001 ይቅርታው ተነሥቶ ተመልሰው ታስረዋል።

የሚያሟላ ሰው አመክሮን ቢያስቀድም ይሻላል፤ ቢያንስ መስፈርቱ ተጽፎ ይታወቃል።