የቤተ መጻሕፍት ዋጋ፦ በፊርማ ወይስ በጥያቄ?

ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥቅም በምን ይለካ? በር ላይ ያለውን መዝገብ መቁጠር ርካሽ ነው። ግን ብርዱን ሸሽቶ የገባውንም፣ ለማትሪክ ሲያጠና የሚውለውንም እኩል አንድ አንድ ፊርማ ያደርጋቸዋል።

ሌላው ሰዉን መጠየቅ ነው፦ «እንዳይዘጋ ስንት ትከፍላለህ?» የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2004 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘዴ ለ1 ፓውንድ የመንግሥት ድጎማ 4.40 ፓውንድ ጥቅም አስልቷል። እኛ ዘንድ ግን «ሊያስከፍሉን ነው እንዴ?» ያስብላል፤ ገበሬውም ከብቱን ለቆጣሪ አሳንሶ ይናገር የለ!

እኔ ጥያቄውን እመርጣለሁ፤ ከጥያቄው ግን ብሩን አውጥቼ፣ ሰው ቤተ መጻሕፍቱን ማመኑን አስገባበታለሁ። መታወቂያህን በር ላይ ስታስይዝ ይከብድሃል? ልጅህን ብቻዋን ትልካታለህ? መዝገቡም ይቀጥል፣ ወንበር ለመጨመር ይጠቅማል።